የሳጥኑ ሥር

ቲማቲም ከላይ አይገዛም። አትክልት ተራ ያደገ ሰው ይህን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ያውቀዋል። ከመቂና ከዝዋይ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ አይሱዙ ሲራገፍ፣ በእንጨት ሳጥኑ አፍ ላይ የሚታየው ረድፍ ሁልጊዜ ሙሽራ ነው፤ ቀይ፣ ጠንካራ፣ የሚያብለጨልጭ። ዐዋቂ ገዢ ለዚያ ረድፍ ዓይኑን እንኳ አይሰጠውም። እጁን በሳጥኑ ጥግ አስገብቶ እስከ ሥር ይሰዳል። ጣቶቹ ረጥበው ከወጡ ያሸታቸዋል። ከዚያ ሳጥኑን በአንድ ጎኑ ብድግ አድርጎ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ያያል። ስለ ዋጋ የሚያወራው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔም በእጅ ባትሪ፣ በጨለማ፣ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ከሃያ ዓመት በላይ ይህን ስሠራ ኖሬያለሁ። ሥሩ የበሰበሰ ሳጥን አሳቅፎኝ የሄደ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

በዚሁ እጄ በ2001 ዓ.ም. ቤት ገዛሁ። ሥሩን ግን አልነካሁም።

የድሮው አትክልት ተራ በፒያሳና በመርካቶ መካከል በነበረበት ጊዜ የኔ ቦታ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ ቀጥሎ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይገባል። ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ በሰው መካከል ይሰነጠቃል፤ የጎመን ቅጠልና ጭቃ እግር ሥር ይላቁጣል፤ ደላላው በአንድ እጁ ስልክ በሌላው የጆንያ አፍ ይዞ ይጮኻል። ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ድንቹ ከሻሸመኔ፣ ሽንኩርቱ ከመቂ ይመጣል። እዚያ ማንም ማንንም አያምንም፣ ሁሉም ግን ይነግዳል። ሚስጥሩ መጠንቀቁ ነው። ሚዛን ላይ ስትቆም የሌላው ሰው ጣት የት እንዳለ ታያለህ። ዱቤ ስትሰጥ ደብተርህን አውጥተህ ስሙን፣ ቀኑንና ኪሎውን ጽፈህ ታስፈርማለህ። ለጭነት ቀብድ ስትሰጥ፣ አንተ ከቀረህ ቀብድህን እንደምታጣ፣ የተቀበለህ ሰው ከቀረ ግን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስልህ ታውቃለህ። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ የተጻፈ ነው። አትክልት ተራ ያለው ሰው ሕጉን ሳያነብ፣ ተሰዳድቦና ተካሶ፣ በልቡ ያውቀዋል።

እቁባችንም እንደዚያው ነበር። ዳኛው ለአሥራ አምስት ዓመት የማውቀው ሰው ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ዕጣው ሲደርሰኝ ግን ዋስ ሳልጠራና ሳላስፈርም አንዲት ብር አልሰጠኝም። ተቀየምኩት? ለምን እቀየመዋለሁ? ሥራው ነዋ! በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ያንኑ ነው። ከዚያ እቁብ የወጣውን ብር ካጠራቀምኩት ጋር ደምሬ፣ የዋስ ፊርማ ጠርቼ የተቀበልኩትን ገንዘብ፣ በሳምንቱ በአንድ ወረቀት ለሌላ ሰው አስረከብኩ።

ቤቱ ከገበያው በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። ሁለት ክፍል፣ ጭቃ በኖራ የተለሰነ፣ ጓሮው ላይ አንድ ኮክ ዛፍ። ባለቤቱ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ደንበኛዬ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንችና ካሮት ይወስዳሉ፤ ሒሳብ ተሳስቼ ትርፍ ብር ብመልስላቸው ከመንገድ ተመልሰው የሚያመጡ ሰው። ወደ አገራቸው ገብተው ከእህታቸው ጋር መኖር ፈልገው ቤቱን እንደሚሸጡ ሲነግሩኝ ደስታዬ ሌላ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ ከአንድ ሰርቪስ ቤት ወደ ሌላ የምዞር ተከራይ ነኝ። በ260 ሺህ ብር ተስማማን። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 11 ብር ገደማ ነበር። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ውሉን የጻፈልን አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ሦስት ምስክር ተቀምጦ፣ ሻይ ታዝዞ፣ ጋሼ «ወድጄና ፈቅጄ» ብለው ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ፤ ምስክሮቹም ፈረሙ። በወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የሚል ተጽፏል። ያቺን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ቤቱ በብረት አጥር የታጠረልኝ መሰለኝ። ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ የጸና ይመስላልና። ጸሐፊው ስምንት አንቀጽ ብቻ ወደ ኋላ ቢመለስ ኖሮ 1723ን ያገኝ ነበር። የዚያ አንቀጽ ቃል አጭር ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል። ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። በሻይ ቤት የተፈረመው ውሌ ደግሞ በማንም ፊት አልተደረገም።

አላወቅኩም ብዬ እንዳልገላገል የነገረኝ ሰው አለ። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደንበኛዬ ነበሩ፤ «እትዬ» ነበር የምላቸው። ቤት መግዛቴን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው እንደ መመረቅ አሉና ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣

«ውልና ማስረጃ ሄዳችኋል?» አሉኝ።

«አይ፣ እትዬ፣ ሦስት ምስክር አለን።»

«አንተ ልጅ! ምስክር ለሽንኩርት ነው። ቤት ነው የገዛኸው። ሽማግሌውን ይዘህ ሰኞ ጠዋት ሂድ። ሦስት ሰዓት ገብታችሁ እስከ ምሳ ትጨርሳላችሁ።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

በመጀመሪያው ሰኞ ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ካርታቸውን በካኪ ፖስታ ይዘው በሁለት ሰዓት ተኩል ገበያው መሃል መጡ። ጭቃውን በከዘራቸው እየነኩ፣ ተሸካሚ እያለፋቸው ቆሙ። እኔ ከመቂ የመጣ ጭነት እያራገፍኩ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አይሆንም፣ ቲማቲም ገብቷል» አልኳቸው። «ምንም አይደል» ብለው ተመለሱ። ሁለተኛው ሰኞ ሁዳዴ የገባበት ዕለት ነበር። ለአትክልት ነጋዴ የሁዳዴ መግቢያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አገር በሙሉ ከሥጋ ወደ ጎመን የሚዞርበት ቀን ነው። እንዲህ ባለ ቀን ገበያ ጥዬ ልሄድ? ጋሼ በድጋሚ ተመለሱ። በሦስተኛው ሰኞ ባዶ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁኝ። ሻይ አስመጣሁላቸው። በመጨረሻ አንድ ፌስታል ካሮት ሞልቼ አስያዝኳቸውና «በሚቀጥለው ሳምንት እኔው መጥቼ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው። ብድግ ብለው ካፖርታቸውን እያራገፉ፣

«ልጄ፣ ያንተን ጉዳይ እኔ ላስታውስህ?» አሉኝ።

ሳቅን። እስከ ዛሬ በሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ያ ሳቅ ነው። ሻጩ ሊያጸናልኝ ሦስት ጊዜ በእግሩ መጥቶ፣ ገዢው በካሮት ሸኘው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ሰበቡ ቲማቲም ብቻ አልነበረም። ስም ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ አለ፤ የንብረቱን ዋጋ ሁለት በመቶ። ከ260 ሺህ ብር ላይ 5 ሺህ 200 ብር ይሆናል። ያችን ብር በልቤ አስቤ «አሁን ምን አስቸኮለኝ፣ ቤቱ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ቁልፉ በእጄ ነው» እያልኩ አሳደርኳት። በአንድ ጥሩ የገበያ ሌሊት የማገኛትን ብር ለመቆጠብ ስል ቤቴን ያለ ጣሪያ አሳደርኩት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ቤቱን ወደድኩት። ወለሉን ሊሾ አስደረግሁ፣ ጓሮው ላይ በብሎኬት አንድ ክፍልና ወጥ ቤት ጨመርኩ፣ ልጄ እዚያ ተወለደች። የመብራት ቢሉ በየወሩ በጋሼ ስም ይመጣል፤ እኔ በየወሩ እከፍላለሁ። አንዲት ወረቀት በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ «ይህ ቤት ያንተ አይደለም» እያለች በሬን ታንኳኳለች፤ እኔ ደግሞ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከታታለሁ። ጋሼ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይደውሉልኝ ነበር። «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ይሉኛል። «እንጨርሳታለን፣ ጋሼ» እላለሁ። በ2007 ዓ.ም. ስልኩ ሲመጣ የደወለችው እህታቸው ነበረች።

ለቅሶ ደረስኩ። አለቀስኩም። ለእርሳቸው ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለራሴም እንደሆነ ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው።

ልጆቻቸውን በክፉ እንዳታስቡብኝ። ሌቦች አልነበሩም። አባታቸው ሲሞት ከአሜሪካ መጡ፣ ወራሽነታቸውን አረጋገጡ፣ ክፍለ ከተማ ሄደው ማኅደሩን አዩ፤ ካርታው በአባታቸው ስም ነው። ቤቱ ውስጥ የማያውቁት ሰው ይኖራል። አባታቸው «ሸጫለሁ» ብለው በስልክ ነግረዋቸው ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ በእነርሱ ቦታ ብሆን አንድ የተጨማደደ ወረቀት ይዞ «ገዝቼዋለሁ» የሚለኝን የቲማቲም ነጋዴ አምነው ነበር? ሳጥኑን ብድግ አድርጌ አይ ነበር እንጂ።

ፍርድ ቤት ስንቆም ጠበቃቸው ብዙ አልተናገረም። 1723ን ጠቅሶ ተቀመጠ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እኔ ቤቱን ከመግዛቴ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ ጉዳይ ላይ ፈርዶ ነበር፤ በፍርድ ቤት ወይም በሚመለከተው አካል ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት አይጸናም የሚል ነው። በጊዜው በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ደግሞ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድድ ነበር። ይህ ሁሉ ታትሞ የወጣ ነገር ነው። እኔ የሻሸመኔን የድንች ዋጋ ከሹፌር አፍ ሳይወጣ የማውቅ ሰው፣ በሕይወቴ ትልቁን ግዢ ስፈጽም ሕጉን የጠየቅሁት አንድም ሰው የለም። የነገሩኝንም በእሺ ሸኘሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የተነገረኝ በኋላ ነው። ያው ሰበር ሰሚ ችሎት ተዋዋዮቹ ውሉን ማድረጋቸውን ካልካዱ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው የፈረደበት ጊዜም አለ። ጠበቃዬ ይህን ሲያስረዳኝ ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው በፊቴ ቆሙ። እርሳቸው ይክዱኝ ነበር? አንድ ብር ተርፏል ብለው ከመንገድ የሚመለሱ ሰው! በሕይወት ቢኖሩና ችሎት ቢቆሙ «አዎ፣ ሸጬለታለሁ፣ ብሩን ተቀብያለሁ» ይሉ ነበር። ውሌ የቆመው በአንድ ሽማግሌ እስትንፋስ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን እስትንፋስ ስድስት ዓመት ሙሉ በእንቁጣጣሽ ስልክ አባከንኩት።

ፍርዱ ውሉ እንዲፈርስና ወደ ነበርንበት እንድንመለስ ሆነ፤ እኔ ቤቱን እንድለቅ፣ ወራሾቹ 260 ሺህ ብሬን እንዲመልሱ። ለጨመርኩት ክፍልና ለሊሾው የወጣውን ወጪ ጠየቅሁ። «ደረሰኝ አለህ?» ተባልኩ። ብሎኬቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን ስገዛ ባለ ሱቆቹ የጠየቁኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ ከሆነ አሥራ አምስት በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይቀንሳል። «ያለ ደረሰኝ» ብዬ ነበር፤ ሁልጊዜ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የቆጠብኩት ብር በሙሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ችሎት ፊት መጥቶ ሳቀብኝ።

ይግባኙ ጭምር አልቆ ብሩን የተቀበልኩት በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። 260 ሺህ ብር፣ አንድም ሳይጎድል። ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አሁን አምጡት። ስሰጥ ዶላሩ 11 ብር ገደማ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን በአሥራ አምስት በመቶ ጭምር ስለቀነሰ ስቀበል 27 ብር ገደማ ሆኗል። በቁጥር የሰጠሁት ተመለሰልኝ፣ በአቅም ግን ግማሹ እንኳ አልደረሰኝም። በ2001 ዓ.ም. ጓሮ ያለው ቤት የገዛ ብር፣ በ2010 ዓ.ም. ያንን ቤት ይቅርና አጥሩን አይገዛም። ሕጉ አልበደለኝም። ወረቀቱ የፈለገው ቁጥሩን ነበር፤ ቁጥሩን ሰጠኝ። ቤት ግን በቁጥር ተቀምጦ አይጠብቅም።

ለምን እንዲህ ሆንኩ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አንዱ ምክንያት አባቴ ይመስለኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47 ሲያወጣ፣ አባቴ ያከራያት የነበረች አንዲት ቤት ሄደች። ካርታ ነበራት፤ ግብር የተከፈለባት ናት። «ወረቀት ምን ያደርጋል? መንግሥት በአንድ ሌሊት በራዲዮ ይሽረዋል» ይል ነበር፣ እስኪሞት ድረስ። የእርሱ ዘመን ሰዎች ከወረቀት ይልቅ ጎረቤትን፣ ዕድርን፣ የሽማግሌን ቃል ማመን የተማሩት ተገፍተው ነው። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ትምህርቱን ሳልመረምር ወረስኩት። ወረቀት ከመንግሥት አዋጅ ላያድን ይችል ይሆናል፤ ከሞት ግን ያድናል። ጋሼ ሲሞቱ ቃላቸው አብሯቸው ተቀበረ። የሞተ ሰው ቃሉን የሚጠብቀው በመዝገብ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማ ኖሬ፣ «ይወረሳል» የሚለው ቃል በቀጥታ እኔን የሚመለከት መሆኑን የተረዳሁት በወራሾች ስከሰስ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት። እኔም ዕቃዬን ጭኜ ከሁለቱም ስደት ጋር ሄድኩ። በየአዲሱ ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ወረቀት አለህ?» ለአሥርት ዓመታት የአንድ ቦታ ባለቤት መሆኑን ሁሉም የሚያውቅለት ነጋዴ፣ ሁሉም የሚያውቀው ገበያ ሲፈርስ የሚያውቀው ሰው አጣ። ያን ቀን ገበያ ውስጥ ቆሜ «እኔ ብቻ አይደለሁም» አልኩ፤ ነገር ግን አልተጽናናሁም።

አሁንም ተመሳሳይ ሰው በየቀኑ አያለሁ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ክልከላ ሳያልቅ በመንደር ውል ሸጦ ውክልና የሰጠውን፣ ያንን ውክልና አቅፎ የተኛውን ገዢ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም እንደሚሞት ማን በነገረው! ገና መሠረቱ ላልወጣ ሕንፃ ብሩን ቀድሞ የከፈለውን፤ አክሰስ ሪል እስቴት ላይ ብር የከፈሉ ከሁለት ሺህ በላይ ቤት ገዢዎች ለዓመታት በየቢሮው መንከራተታቸውን እየሰማ። ባል ብቻውን የፈረመለትን ቤት ገዝቶ፣ ሚስት ስትመጣ የሚደነግጠውን፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ማለቱን ሳያውቅ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ብዙዎቹ ከእኔ የተሻሉ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ ኪሎ ሙዝ ሲገዙ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ያያሉ፤ ስልክ ሲገዙ አብርተው ካርድ ያስገቡበታል። ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ያፍራሉ። ሻጩ አክባሪ ሽማግሌ ሲሆን፣ ወይም የሰፈር ሰው፣ ወይም ዘመድ፣ «ውልና ማስረጃ እንሂድ» ማለት ስድብ ይመስላቸዋል። የእቁብ ዳኛዬ ልጁን ክርስትና አንሥቼለት እንኳ ዋስ ሲጠራኝ አላፈረም። እኔ ደግሞ አልተሰደብኩም። ያፈርኩት ከጋሼ ጋር ነው፤ እርሳቸው ግን ከእኔ በላይ ነገሩ ገብቷቸው ካርታቸውን በፖስታ ይዘው ጭቃ ውስጥ ቆመው ነበር።

ስለዚህ ለአዲስ ገዢ የምለው ረጅም አይደለም፤ ሳጥኑን ማየት ነው። ክፍለ ከተማ ሄደህ ማኅደሩን አይ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጥ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያምጣ። ብሩን በጆንያ አትስጥ፣ በባንክ አስተላልፍ፤ የባንክ ወረቀት ከሦስት ምስክር በላይ ይናገራል። ውሉን በውልና ማስረጃ ፊት ፈርም። ቀረጡን ክፈል። ስሙን አዛውር። የመብራት ቢሉ በአንተ ስም እስኪመጣ ድረስ ቤት ገዛሁ ብለህ እንግዳ አትጥራ። ለምትጨምረው ለእያንዳንዱ ብሎኬት ደረሰኝ ያዝ።

ለእኔ ግን ይህ ሁሉ ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ ነው። ዛሬም ተከራይ ነኝ። ልጄ የኮኩን ዛፍ ታስታውሳለች፤ አልፎ አልፎ «አባዬ፣ ያ ቤታችን ለምን ተሸጠ?» ትለኛለች። አልተሸጠም ልላት እፈልጋለሁ፤ አልተገዛም ነበር እንጂ። እስካሁን አልነገርኳትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ፣ እጄን በሳጥኑ ጥግ ወደ ሥር እሰዳለሁ፣ ጣቶቼን አሸታለሁ። ጥሩ ገዢ ነኝ፤ ጠይቁ፣ ሁሉም ይነግሯችኋል።

የጻፍኩት መሳቢያው ውስጥ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ላለው ሰው ነው። ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሻጫችሁ በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ማታ ደውሉለት፤ ነገ ጠዋት ይዛችሁት ሂዱ። ቲማቲሙ ይበስብስ።